ተራራውና ባሕሩ ሲጣሉ ጉድጓድ የዳኛቸው ጉዳይ፦ የፒያዊ 5.4 ዲግሪ

የዛሬ 20 ሺህ ዓመት ገደማ የሰሜኑ የዓለም ክፍል በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር። ካናዳም ስካንዲኔቪያም ከበረዶ በታች ነበሩ። በዚህ የሚከራከር የለም። ክርክሩ የነበረው ስለ ሞቃቱ ቀበቶ፣ ማለትም በምድር ወገብ ግራና ቀኝ ስላለው አገር ነው። እዚህስ ምን ያህል ቀዝቅዞ ነበር?

ለዚህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሁለት መልስ ነበር። ሁለቱም ብዙ ተለፍቶባቸዋል። ችግሩ አይገጥሙም።

አንዱ መልስ ከባሕር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ክላይማፕ የሚባል ትልቅ የምርምር ፕሮጀክት ነበር። ከባሕር ወለል ደለል እየቆፈረ ያወጣል። በደለሉ ውስጥ ፎራሚኒፌራ የሚባሉ ደቃቅ የባሕር ነፍሳት ዛጎል ይገኛል። የትኛው ዓይነት በዝቶ እንደተገኘ በማየት ውሃው ያኔ ምን ያህል ይሞቅ እንደነበር ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1976 ከዚያም በ1981 የወጡት ካርታዎች ሞቃታማው ባሕር በአብዛኛው ከ2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ብቻ እንደቀዘቀዘ አሳዩ። በፓስፊክ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ ከዛሬው ትንሽ ሞቆ ታየ።

ሌላው መልስ ከተራራ የመጣ ነው። በአንዲስ፣ በምሥራቅ አፍሪካ፣ በኒው ጊኒ እና በሃዋይ ከፍታዎች ላይ የበረዶ ግግር ገፍቶ ያከማቸው ድንጋይ አለ። ክምሩ የሚገኘው ዛሬ በረዶ ሊቆይ ከሚችልበት ከፍታ በጣም ወርዶ ነው። በእኛም አገር በባሌ ተራሮች ላይ፣ ዛሬ ለምልክት እንኳ ግግር በሌለበት፣ እንዲህ ያለ ክምር ይታያል። በብዙ ሞቃታማ ተራሮች ላይ የበረዶው መስመር ወደ 1000 ሜትር ገደማ ወርዶ ነበር። ወደ ላይ 1000 ሜትር ስንወጣ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ተራራው የሚለው 5 ዲግሪ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 ዴቪድ ሪንድ እና ዶሮቲ ፒቲት ይህን ጉዳይ አፍረጥርጠው ጻፉ። የክላይማፕን የባሕር ሙቀት ለኮምፒውተር የአየር ንብረት ሞዴል ሰጡት። ሞዴሉ የብሱን የሚገባውን ያህል አላቀዘቅዝም አለ። የባሕሩን ሙቀት በ2 ዲግሪ ዝቅ ሲያደርጉለት ነገሩ ተሻሻለ።

ይሄ የሙያተኞች ንትርክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አላነሳውም። ያኔ በአየር ላይ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 190 ክፍል ገደማ ነበር። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ደግሞ 280 ገደማ ነው። ጋዙ እንዲህ ሲቀንስ ሞቃታማው አገር በ1 ዲግሪ ብቻ ከቀዘቀዘ፣ ጋዙ ሲጨምርም ብዙም አይሞቅም ብሎ መከራከር ይቻላል። በ5 ዲግሪ ከቀዘቀዘ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ስለዚህ ሦስተኛ ምስክር ተፈለገ። ከተራራ ጫፍ ያልመጣ፣ ከባሕር ያልወጣ፣ ከቆላ የተገኘ ምስክር። የተገኘውም ከጉድጓድ ውሃ ነው።

የሐሳቡ መሠረት ቀላል ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ጋዝ ይይዛል፣ ሙቅ ውሃ ጥቂት። ከፍሪጅ የወጣ አምቦ ሲከፈት ረጋ ይላል፤ ፀሐይ ላይ የዋለው ይገነፍላል። ዝናብ ወደ መሬት ሰርጎ የከርሰ ምድር ውሃውን እስኪቀላቀል ድረስ ከአፈር ውስጥ አየር ጋር ይነካካል። ከዚያ አየር የሚወስደው ጋዝ መጠን በዚያ ጥልቀት ባለው ሙቀት ይወሰናል። እዚያ ጥልቀት ላይ ደግሞ የቀንና የሌሊት፣ የክረምትና የበጋ ልዩነት ስለሚደበዝዝ ሙቀቱ ለቦታው የዓመት አማካይ ቅርብ ነው። ውሃው ወርዶ ከላይ ያለው ንብርብር ሲዘጋበት፣ ጋዙ አብሮት ይቀበራል።

ኦክስጅንን መለካት አይጠቅምም፤ ባክቴሪያ ይበላዋል። ናይትሮጅንም ንጹሕ ምስክር አይደለም፤ ከናይትሬት አዲስ ሊፈጠር ይችላል። የሚፈለጉት ከማንም ጋር የማይዋሃዱት ኖብል ጋዞች ናቸው፦ ኒዮን፣ አርጎን፣ ክሪፕቶን፣ ዜኖን። ከሁሉ ዋናው ዜኖን ነው። ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ፣ 25 ዲግሪ ላይ ካለው ውሃ ከእጥፍ በላይ ዜኖን ይይዛል። ሂሊየም ግን በዚሁ ልዩነት ውስጥ 10 በመቶ እንኳ አይቀየርም። ዜኖን እንደ ቴርሞሜትር ያገለግላል፤ ሂሊየም ለሌላ ሥራ ይቀመጣል።

ይህን መንገድ ቀድሞ ካሳዩት አንዱ ኢማኑኤል ማዞር ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በእስራኤል፣ በዮርዳኖስ ስምጥ ሸለቆ ውሃዎች ላይ የሠራውን አወጣ። ስምጥ ሸለቆው ወደ ደቡብ ሲዘልቅ እስከ እኛ ይደርሳል፤ ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1992 ማርቲን ስቱት፣ ፒተር ሽሎሰር፣ ጆርዳን ክላርክ እና ዋላስ ብሮከር በቴክሳስ ካሪዞ የተባለውን የከርሰ ምድር ውሃ ለክተው የበረዶ ዘመኑ ከዛሬው በ5.2 ዲግሪ ይቀዘቅዝ እንደነበር አገኙ። ጥሩ ውጤት ነው፤ ግን ቴክሳስ ከሞቃቱ ቀበቶ ውጪ ናት። ወደ ምድር ወገብ መጠጋት ነበረባቸው።

የተመረጠው ቦታ ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ነው። ፒያዊ ግዛት፣ በደቡብ 7 ዲግሪ፣ ከባሕር ጠለል 400 ሜትር ላይ። ፒኮስ የምትባለው ከተማ ያለችበት አካባቢ ነው። ደረቅ አገር ነው፤ ድርቅ ይመላለስበታል። ለሰውና ለከብት የሚሆን ውሃ ከጥልቅ ይወጣል። ለተመራማሪው ይሄ መልካም አጋጣሚ ነው። ጉድጓድ መቆፈር ውድ ነገር ነው፤ እዚያ ግን የአገሩ ሰው ለራሱ ቆፍሮታል።

ከታች ያለው አለት አሸዋ ድንጋይ ነው። በአንድ በኩል ወደ ላይ ብቅ ይላል፤ ዝናብ የሚገባው በዚያ ነው። ከዚያ እየተዘቀዘቀ ውሃ በማያሳልፍ ንብርብር ሥር ይገባል። ውሃው እጅግ ዝግ ብሎ ይጓዛል። ከመግቢያው አጠገብ ያለ ጉድጓድ የቅርብ ዘመን ውሃ ይሰጣል። ራቅ እያልክ ስትሄድ የምትቀዳው ውሃ እያረጀ ይሄዳል።

ናሙና አወሳሰዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚያ ነው። የሚፈለገው ውሃ ጥቂት አሥር ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ግን በፕላስቲክ ጠርሙስ አይሆንም፤ ጋዝ በፕላስቲክ ያልፋል። የሚያዘው በመዳብ ቱቦ ነው። ቱቦው በሁለቱም ጫፍ የብረት መቆንጠጫ ተገጥሞለት ከጉድጓዱ ጋር በጎማ ይያያዛል። ውሃው ለረጅም ጊዜ እንዲፈስበት ይለቀቃል። በዚህ መሃል ቱቦው በመፍቻ ወይም በሌላ ብረት ቀስ እየተባለ ይመታል፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ አረፋ ካለ እንዲላቀቅ። የመውጫው በኩል ጠበብ ይደረጋል፤ ውስጥ ግፊት እንዲኖርና ውሃው ጋዙን እንዳይተፋ። ከዚያ መጀመሪያ የመውጫው በኩል፣ ቀጥሎ የመግቢያው በኩል መቆንጠጫ በቦሎን ይጠበቃል። መዳቡ ተጨፍልቆ ግድግዳና ግድግዳው አንድ እስኪሆን ድረስ ነው የሚጠበቀው። በጎማው ውስጥ አንዲት አረፋ ብትታይ ያ ናሙና ይጣላል። የሚለካው ጋዝ ጥቂት ስለሆነ፣ ውሃው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ስትገባ ሒሳቡን ታበላሻለች። ጥቂት ስል በእውነት ጥቂት ነው፦ ከ10 ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ዜኖን አንድ እንኳ አይሞላም።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ቱቦው ከቫኪዩም መስመር ጋር ተያይዞ ይከፈታል። ጋዞቹ በብርድ እየተያዙ አንድ በአንድ ይለያያሉ፣ ከዚያም አቶሞችን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ፣ በማስ ስፔክትሮሜትር፣ ይለካሉ። አንድ ዲግሪ ልዩነት ዜኖንን በጥቂት በመቶ ስለሚቀይረው፣ ልኬቱ በ1 በመቶ ልክ ከሆነ ሙቀቱን ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ስህተት ማወቅ ይቻላል።

ዕድሜው ደግሞ በካርቦን 14 ይለካል። ዝናቡ በአፈር ሲያልፍ ከተክል ሥር የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ካርቦን 14 በየ5730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ጣጣው ውሃው በመንገዱ የኖራ ድንጋይ ካሟሟ ነው። የኖራው ካርቦን ጥንታዊና ካርቦን 14 የሌለበት ስለሆነ፣ ውሃው ከዕድሜው በላይ ያረጀ ይመስላል። ኖራ ያልበዛበት አሸዋ ድንጋይ ሲሆን ይህ ጣጣ ይቀንሳል። የተቀመጠው ሂሊየምም የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። በአለቱ ያለው ዩራኒየምና ቶሪየም ሲበሰብስ ሂሊየም ያመነጫል፤ ውሃው ባረጀ ቁጥር ሂሊየሙ ይጨምራል። ሁለቱ ሰዓቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ከጠቆሙ ልብ ያርፋል።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 በሳይንስ መጽሔት ወጣ። ስቱት፣ ብሮከርና የብራዚል ባልደረቦቻቸው 30 ሺህ ዓመት የሚሸፍን የሙቀት ታሪክ አቀረቡ። በበረዶ ዘመኑ ጫፍ ፒያዊ ከዛሬው በ5.4 ዲግሪ ትቀዘቅዝ ነበር፣ ሲደመር ሲቀነስ 0.6። የቴክሳሱን 5.2 አስታውሱ። ቆላ ነው፣ ምድር ወገብ አጠገብ ነው፣ ግን ቁጥሩ ያው ነው። ተራራው ትክክል ነበር ማለት ነው።

ፒያዊ ብቻዋንም አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1994 ከባርቤዶስ ኮራል የተነበበ ውጤት ባሕሩ ራሱ 5 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ ነበር ብሏል። በዚያው ሐምሌ 1995 ደግሞ ሎኒ ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ ከፔሩ ሁአስካራን ተራራ፣ ከ6000 ሜትር በላይ ያወጡት በረዶ ከዚያም የበለጠ ቅዝቃዜ አሳየ። ለክላይማፕ ካርታ መጥፎ ጊዜ ነበር።

እስካሁን ታሪኩ ጣፋጭ ነው። ለእኔ ግን የጉዳዩ ዋና ክፍል ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

የከርሰ ምድር ውሃ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከሚገባው በላይ አየር ይዞ ይገኛል። ቲም ሂተንና ጆን ቮገል እ.ኤ.አ. በ1981 ትርፍ አየር ብለው የጻፉለት ነው። አመጣጡ እንዲህ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲዘንብ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ይላል። ሲወጣ በአፈሩ ቀዳዳ ያለው አየር ሁሉ ማምለጫ አያገኝም፤ አረፋ ሆኖ ከውሃ በታች ይታሰራል። የውሃው ክብደት ሲጫነው አረፋው ይሟሟል። ይህ ተጨማሪ ጋዝ ከሙቀት ጋር ግንኙነት የለውም። ሳይቀነስ ከታለፈ ውሃው ከነበረው በላይ ቀዝቃዛ ይመስላል።

የሚያጋልጠው ኒዮን ነው። ኒዮን በውሃ ውስጥ በጣም ጥቂት ስለሚሟሟ፣ ትንሽ አረፋ ስትጨመር መጠኑ ጎልቶ ይዘላል። ዜኖን ግን ብዙም አይነካም። ስለዚህ አራት ጋዝ ለክቶ ሁለት ያልታወቁ ነገሮችን፣ ሙቀቱንና ትርፍ አየሩን፣ መፍታት ነው። አረፋው ሙሉ በሙሉ ከሟሟ ይሄ በደንብ ይሠራል።

የፒያዊ ውሃ ግን እምቢ አለ። ትርፍ አየሩ የበዛ ነበር፣ ቅንብሩም ከተራ አየር ጋር አልገጠመም። ከከባዶቹ ጋዞች አንጻር ቀላሎቹ አነሱ። የ1995ቱ ቡድን ለዚህ አንድ ማብራሪያ ሰጠ፦ አረፋው ሙሉ በሙሉ ሟሟ፣ ከዚያ ከፊሉ ጋዝ ተመልሶ ወደ ላይ አመለጠ፤ ቀላል ጋዝ ፈጥኖ ስለሚሄድ ቅንብሩ ተዛባ። ምክንያታዊ ነው። ግን ይህን እርማት ስትቀይር የምታገኘው ሙቀትም ይቀየራል። ተቺዎች በዚህ ገቡ። እርማቱ አጠራጣሪ ከሆነ፣ 5 ዲግሪው ከውሃው ነው የመጣው ወይስ ከእርማቱ?

ተገቢ ጥያቄ ነው። ትርፍ አየር የበዛበት ናሙና ላይ የቆመ ውጤት ሲጠየቅ መናደድ አይገባም።

መልሱ የመጣው ከስዊዘርላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ቨርነር ኤሽባኽ-ሄርቲግ፣ ፍራንክ ፔተርስ፣ ኡርስ ባየርለ እና ሮልፍ ኪፕፈር በኔቸር መጽሔት ሌላ ሥዕል አቀረቡ። ምንም ያመለጠ ጋዝ የለም አሉ። አረፋው ከመጀመሪያውም ሙሉ በሙሉ አልሟሟም። ውሃውና የታሰረው አየር በተዘጋ ቦታ፣ በግፊት ሥር፣ እርስ በርስ ሚዛን ደረሱ። በውሃ በቀላሉ የሚሟሟው ከባድ ጋዝ ወደ ውሃው አደላ፤ ኒዮንና ሂሊየም በብዛት አረፋው ውስጥ ቀሩ። የቅንብሩ መዛባት ያለ ምንም ማምለጥ ተብራራ።

ሁለቱን ሐሳቦች የሚለይ ፈተናም አለ። ኒዮን ሁለት ዋና አይሶቶፖች፣ ማለትም በክብደት ብቻ የሚለያዩ ዓይነቶች አሉት፣ 20 እና 22። ጋዝ በእውነት እየሾለከ ካመለጠ ቀላሉ 20 ቀድሞ ይሄዳል፣ የቀረው ውስጥ ድርሻው ያንሳል። ሚዛን ብቻ ከሆነ ግን ምጣኔው እንደ አየሩ ይቆያል። በኋላ በተለያዩ የከርሰ ምድር ውሃዎች ላይ የተደረጉ ልኬቶች ለስዊዞቹ ሐሳብ አደሉ።

እና 5 ዲግሪው? በአዲሱ ሒሳብ እንደገና ሲሠራ ቆመ። የብራዚል ቅዝቃዜ ተረጋገጠ፤ በመካከለኛው የኬክሮስ አካባቢ ያለው ቅዝቃዜ ደግሞ ከታሰበው በልጦ ተገኘ። ማብራሪያው ወደቀ፣ ውጤቱ ቀረ። ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። የሚፈለገው የጥንቱ ሙቀት ብቻውን አይደለም፤ ከዛሬው ጋር ያለው ልዩነት ነው። የጥንቱም የዛሬውም ውሃ በአንድ መግቢያ ሰርጎ፣ በአንድ ዓይነት እርማት ሲያልፍ፣ ብዙው ስህተት ሁለቱ ሲቀናነሱ ይጣፋል።

ከፒያዊ ውሃ የማይገኝ ነገርም አለ። ውሃ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ሺህ ዓመታት ሲጓዝ የተለያየ ዘመን ውሃ ይቀላቀላል። ስለዚህ ድንገተኛ ለውጥ ይደበዝዛል፤ መቶ ዓመት የቆየ ብርድ ቢኖር አይታይም። ረጅሙ የበረዶ ዘመን ግን ተደብዝዞም ይታያል።

ከዚያ ወዲህ ዘዴው በስድስት አህጉራት ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 አለን ሴልትዘር የመራው ቡድን የአራት አሥርት ዓመታት ልኬቶችን ሰብስቦ በአንድ ሒሳብ እንደገና ፈታቸው። ከደቡብ 45 ዲግሪ እስከ ሰሜን 35 ዲግሪ ያለው ዝቅተኛ የብስ በአማካይ 5.8 ዲግሪ ቀዝቅዞ ነበር፣ ሲደመር ሲቀነስ 0.6። የጸሐፊዎቹን ዝርዝር ሳየው ፈገግ አልኩ። ስቱትም አለ፣ ኤሽባኽም ኪፕፈርም አሉ። ማብራሪያውን ያቀረበውና ማብራሪያውን ያፈረሱት አንድ ወረቀት ላይ ፈርመዋል።

ዝቅተኛ የሚለው ቃል በዋዛ የገባ አይደለም። ለእኛ ደጋ ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ የአየር ግፊት ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ። ግፊት ሲቀንስ በውሃ የሚሟሟው ጋዝም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ተራራ ላይ ሁለት ነገር በተቃራኒ ይጎትታል፦ ብርዱ ጋዝ ይጨምራል፣ ከፍታው ይቀንሳል። ይህን ለመፍታት ዝናቡ በስንት ሜትር ከፍታ እንደሰረገ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ የባሰም አለ። በ1000 ሜትር ከፍ ብሎ የሰረገ ውሃ በ6 ዲግሪ ቀዝቃዛ ነው፣ ያለ ምንም የበረዶ ዘመን። ከተራራ ሥር ያለ ጉድጓድ ጥንት ከላይኛው ተዳፋት፣ ዛሬ ከታችኛው የሚመገብ ከሆነ፣ የቦታ ለውጡ የአየር ንብረት ለውጥ መስሎ ይነበባል። አንድሪው ማኒንግና ኪፕ ሰሎሞን እ.ኤ.አ. በ2003 በዩታ፣ በዋሳች ተራሮች ግርጌ ይህንኑ ባህርይ ገልብጠው ተጠቀሙበት። ከጋዙ ሙቀት ተነስተው የሶልት ሌክ ሸለቆ ውሃ ምን ያህሉ ከተራራው ውስጥ እንደሚመጣ መረመሩ። የከፍታውን ግምት በጉድጓዱ ከፍታና በተራራው ጫፍ መካከል አሰሩት። የፒያዊ 400 ሜትር ሜዳ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ነበር።

በስምጥ ሸለቆአችን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይታከላል። ከመሬት ሥር የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ ውስጥ እየፈላ ሲያልፍ ኖብል ጋዞቹን ይዞ ይወጣል። ተፈጥሮ ራሷ ጋዝ የሞላችው የአምቦ ዓይነት ውሃ ለመጠጥ ግሩም ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ዜኖኑ ሲቀንስ የበረዶ ዘመን ውሃ እንኳ ሞቃት መስሎ ይነበባል። ስለዚህ በደጋው ዳር የሚሞክር ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የማይፈላና ረጅም ዕድሜ ያለው ውሃ ነው። ከዚያ ዝናቡ የሰረገበትን ከፍታ በሌላ መንገድ መያዝ አለበት። ለዚህ የተለመደው በውሃው ውስጥ ያለው ከባዱ የኦክስጅን አይሶቶፕ፣ ኦክስጅን 18 ነው፤ ከፍ ብሎ የዘነበ ዝናብ በዚህ አይሶቶፕ ይሳሳል። ችግሩ በበረዶ ዘመን የዝናቡ ኦክስጅን 18 ራሱ ተቀይሮ ስለነበር፣ የዛሬውን መለኪያ እንዳለ ለጥንቱ ውሃ መጠቀም አይቻልም።